የላፕቶፕ ማጠፊያ ታሪክ፤ የሚደክመው ብረቱ ነው ወይስ መቀመጫው?

መግቢያ

ይህን አነስተኛ ጥናት እንድናሰናዳ ያነሣሣን ነገር በንባብ ክፍላችን ውስጥ የደረሰ አንድ ጉዳት ነው። ከመካከላችን አንዱ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚጽፍበት ላፕቶፕ አስቀድሞ የታላቅ እኅቱ ነበር፤ እርሷም ትምህርቷን በፈጸመች ጊዜ ለወንድሟ ሰጠችው። መሣሪያው ይሠራል፤ ባትሪውም ገና ሁለት ሰዓት ያህል ይቆያል። ነገር ግን በስተግራ በኩል ያለው ማጠፊያ ከመቀመጫው ተነቅሎ ስለ ነበረ ስክሪኑ ያለ ድጋፍ አይቆምም። ስለዚህ ጓደኛችን በየቀኑ ከኋላው የሚያስደግፍባቸውን ሁለት ወፍራም መጻሕፍት ይዞ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን ሌላ ተማሪ ሳያውቅ ከመጻሕፍቱ አንዱን ቢያነሣ ስክሪኑ ወደ ኋላ ወደቀ፤ በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈውም ገመድ ተበጠሰ። የሦስት ወር ሥራ የሚገኘው በዚያ መሣሪያ ውስጥ ብቻ ስለ ነበረ፣ ጽሑፉ ወጥቶ እስኪገኝ ድረስ የነበረውን ጭንቀት ሁላችንም ተካፍለናል።

እንዲህ ያለውን ስብራት ያየ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚለው ብረቱ አልቋል ነው። እኛም እንዲሁ መስሎን ነበር። ይሁን እንጂ መሣሪያው በጥገና ሱቅ ሲከፈት ቀርበን ብንመለከት ብረቱ አንዳችም ጉዳት አልነበረበትም፤ የተሰበረው ብረቱ በብሎን የታሰረበት የፕላስቲክ መቀመጫ ነበር። እኅቲቱንም ብንጠይቃት ማጠፊያው ከቶ ላልቶ እንደማያውቅ፣ እንዲያውም ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበቀ መሄዱን፣ ይህንንም የጥንካሬ ምልክት አድርጋ ትቈጥረው እንደ ነበር ነገረችን። ለዚህ ጥናት መነሻ የሆነን ይህ ቃሏ ነው።

በሚከተሉት ገጾች የላፕቶፕ ማጠፊያ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ደረሰ በዘመን ቅደም ተከተል እንመለከታለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ማጠፊያ የምንለውም ጠጋኞቻችን ሂንጅ እያሉ የሚጠሩትን ነው። የምንከራከርለት ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ ባለፉት አርባ ዓመታት በማጠፊያው ላይ የተጫነው ተግባር በየጊዜው ሲጨምር፣ ማጠፊያው የሚታሰርበት መቀመጫ ግን በየጊዜው እየሳሳ ሄዷል። ስለሆነም ብዙውን ጊዜ ላፕቶፕን ከአገልግሎት ውጭ የሚያደርገው የብረቱ ማለቅ ሳይሆን የመቀመጫው መሰበር ነው።

1. ማጠፊያ ያልነበረበት ጊዜ

የሚታጠፍ ነገር ሁሉ በሚታጠፍበት ቦታ ቀድሞ እንደሚደክም በአገራችን አዲስ ዕውቀት አይደለም። የብራና መጽሐፍ ገበታው ከእንጨት፣ ገጹ ከቆዳ የተሠራ ስለሆነ ለብዙ ዘመን ይቆያል፤ ገጾቹን ከገበታው ጋር የሚያያይዘው ስፌት ግን በመከፈትና በመዘጋት ብዛት ይላላል፣ ይበጠሳልም። ደጓሽ ይህን ስለሚያውቅ መጽሐፉን አይጥልም፤ ስፌቱን ፈትቶ እንደገና ይሰፋዋል። ይህን ምሳሌ ያነሣነው ወደ መጨረሻው ስለምንመለስበት ነው።

ለመሸከም የሚመች ኮምፒውተር በሐሳብ ደረጃ ሲጀመር ማጠፊያ አልነበረውም። አለን ኬይ የተባለው የአሜሪካ ሊቅ በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ የምርምር ማእከል ሲሠራ በ1972 ዳይናቡክ ስለሚባል መሣሪያ ጽፎ ነበር። በሥዕሉ ላይ የሚታየው መሣሪያ ስክሪኑና ኪቦርዱ ባንድ ጠፍጣፋ ገበታ ላይ ጐን ለጐን የተቀመጡበት ነው። ሐሳቡ እጅግ የሚደነቅ ቢሆንም በዚያን ጊዜ በእጅ የሚያዝ ዕቃ ሆኖ አልተሠራም።

በገበያ ላይ ከዋሉት ተሸካሚ ኮምፒውተሮች መካከል በ1981 የወጣው ኦስቦርን 1 የታወቀ ነው። ዋጋው 1,795 ዶላር፣ ክብደቱም ወደ 11 ኪሎ ግራም የሚደርስ ነበር። ስክሪኑ 5 ኢንች ብቻ ሲሆን እንደ ቴሌቪዥን በመስታወት ቱቦ የሚሠራ ነበር። ክዳኑ ኪቦርዱ ራሱ ነበር፤ ለጕዞ ሲሆን በፊት ለፊት ተገጥሞ ይቈለፋል፣ ለሥራ ሲሆን ተፈትቶ በጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። እንግዲህ ስክሪኑ ከሣጥኑ ጋር የማይነቃነቅ ስለ ነበረ የሚያልቅ ማጠፊያ አልነበረውም ማለት ነው። ቱቦው ወፍራምና ከባድ በመሆኑ ማጠፍ የሚታሰብ አልነበረም፤ ማጠፊያ የሚመጣው ስስ ስክሪን ከመጣ በኋላ ነው።

2. ግሪድ ኮምፓስና የመጀመሪያው እጥፋት

ስክሪኑ በኪቦርዱ ላይ እንደ መጽሐፍ የሚከደንበት ቅርጽ ስሙ የተነሣው ከግሪድ ኮምፓስ ጋር ነው። ይህ መሣሪያ በ1982 ለሽያጭ የቀረበ ሲሆን ቅርጹን ያወጣው ቢል ሞግሪጅ የተባለ እንግሊዛዊ የዕቃ ንድፍ ባለሙያ ነው። ሞግሪጅ በ1943 ተወልዶ በ2012 ዐርፏል። ኩባንያውን የመሠረተው ጆን ኤለንቢ ነበር። የመሣሪያው ዋጋ 8,150 ዶላር ስለ ነበረ ተራ ሰው የሚገዛው አልነበረም፤ የሚገዙት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ትልልቅ ድርጅቶች ነበሩ። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳም በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጠፈር መንኰራኵሩ ላይ ተጠቅሞበታል።

ለጥናታችን የሚጠቅመን የዚህ መሣሪያ አካል አሠራር ነው። አካሉ ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ነበር፤ ይኸውም ቀላል ሆኖ ጽኑ የሆነ ብረት ነው። ስክሪኑ የሚታጠፍበት ቦታም እንደ ዛሬው በኋለኛው ጠርዝ ላይ አልነበረም፤ ከስክሪኑ በስተኋላ ወፈር ያለ የሣጥን ክፍል ይገኝ ነበር። ከዚህ የተነሣ ማጠፊያው የታሰረበት ሥፍራ ጥልቀትም ብረትም ነበረው። ስክሪኑ ደግሞ ትንሽ ነበረ፤ ትንሽ ስክሪን በማጠፊያው ላይ የሚያሳድረው ጫና ትንሽ ነው። ባጭሩ የመጀመሪያው ማጠፊያ ተግባሩ ቀላል፣ መቀመጫው ጽኑ ነበር። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ታሪክ ሁሉ ይህ ሚዛን ቀስ በቀስ እንዴት እንደ ተገለበጠ የሚያሳይ ነው።

3. ማጠፊያው እንዴት ይሠራል?

ወደ ታሪኩ ከመቀጠላችን በፊት የማጠፊያውን ጠባይ ማወቅ ተፈላጊ ነው። የበር ማጠፊያና የላፕቶፕ ማጠፊያ በስም አንድ ቢሆኑም በግብር ይለያያሉ። የበር ማጠፊያ በሩን በነጻ እንዲዞር ካደረገ ሥራውን ፈጽሟል። የላፕቶፕ ማጠፊያ ግን እንዲዞርም እንዲቆምም ይፈለጋል፤ ስክሪኑን በወደድነው ማዕዘን ላይ አቁመን እጃችንን ብናነሣ እዚያው ሊቆይልን ይገባል። ይህን የሚያደርገው ሰበቃ ነው።

በአሠራሩ ሁለት ዋና ዋና ዐይነት አለ። በአንደኛው ዐይነት ስስ የብረት ቅጠል በዘንግ ዙሪያ ጠበቅ ተደርጎ ይጠመጠማል፤ ዘንጉ ሲዞር ቅጠሉ ጨምቆ ይይዘዋል። በሁለተኛው ዐይነት በዘንጉ ላይ ብዙ ሮንዴላዎች ይደረደራሉ፤ አንዳንዶቹ ጐበጥ ብለው እንደ ሞላ የሚያገለግሉ ናቸው፤ በጫፍ ያለው ዳዶ ሲጠብቅ ሁሉም እርስ በርሳቸው ይጫጫናሉ። በሁለቱም ዘንድ ብረት ብረትን እንዳይበላው ግራሶ ይቀባል።

አሁን ምን ያህል ኀይል እንደሚያስፈልግ በምሳሌ እንገምት። ስክሪኑ ከነክዳኑ 500 ግራም ይመዝናል እንበል፤ የክብደቱም መካከል ከዘንጉ 12 ሳንቲ ሜትር ይርቃል እንበል። ስክሪኑ ተጋድሞ በሚገኝበት ጊዜ የሚያስፈልገው የመጠምዘዝ ኀይል 0.6 ኒውተን ሜትር ያህል ይሆናል፤ ለሁለት ማጠፊያዎች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 0.3 ይደርሰዋል ማለት ነው። ይህ በራሱ ብዙ አይደለም። ነገር ግን ማጠፊያውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች ርቀታቸው 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን፣ ስክሪኑን በከፈትንና በዘጋን ቍጥር እያንዳንዱ መቀመጫ 15 ኒውተን፣ ይኸውም አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ነገር እንደ ማንጠልጠል ያለ ጭነት ይቀበላል። ማጠፊያው በአራት እጥፍ ቢጠብቅ ጭነቱም በአራት እጥፍ ያድግና ወደ ስድስት ኪሎ ይደርሳል።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር አለ። ማጠፊያ ሲያረጅ ሁለት መንገድ ይይዛል፤ ወይ ይላላል፣ ወይ ይደርቃል። የሚላላው ገጽታው በሰበቃ ስለሚበላና ሞላዎቹ ስለሚደክሙ ነው፤ ያን ጊዜ ስክሪኑ ይወዛወዛል ወይም ወደ ኋላ ይተኛል። ይህ የሚያስቸግር ነው እንጂ የሚገድል አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ዳዶውን ማጥበቅ ይበቃዋል። የሚደርቀው ደግሞ ግራሶው ከቦታው ሲሸሽ፣ አቧራ ሲገባ፣ ዝገት ሲጀምር፣ የተፋቁት የብረት ብናኞች ገጽታውን ሻካራ ሲያደርጉት ነው። የደረቀ ማጠፊያ አይወዛወዝም፤ ባለቤቱም ደኅና ነው ብሎ ያምናል። ነገር ግን ዘንጉ እንዲዞር የሚያስፈልገው ተጨማሪ ኀይል ሁሉ ወደ መቀመጫው ይሄዳል። የጓደኛችን እኅት የጥንካሬ ምልክት ነው ያለችው መጥበቅ የስብራቱ መነሻ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

4. መቀርቀሪያው የቀረበት ዘመን

በ1985 ቶሺባ ቲ1100 የተባለው ላፕቶፕ ወጣ። ክብደቱ 4 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን ከግሪድ ይልቅ ዋጋው የሚቀመስ ስለ ነበረ ላፕቶፕ ከተመረጡ መሥሪያ ቤቶች ወጥቶ በነጋዴዎችና በጸሐፊዎች እጅ እንዲገባ አድርጓል። በ1991 አፕል ኩባንያ ፓወርቡክ የተባሉትን ላፕቶፖች አወጣ፤ በእነዚህ ላይ ኪቦርዱ ወደ ስክሪኑ ተገፍቶ በስተፊት የእጅ ማሳረፊያ ተተወለት። ይህ አቀማመጥ እስከ ዛሬ የሁሉም ላፕቶፕ መልክ ሆኖ ቀርቷል። በ1992 ደግሞ አይቢኤም ቲንክፓድ 700ሲ የተባለውን አቀረበ፤ የቲንክፓድን ጥቍር ሣጥን መልክ ያወጣው ሪቻርድ ሳፐር ነበር።

የዚያን ዘመን ላፕቶፖች አብዛኞቹ አንድ የጋራ ነገር ነበራቸው፤ ይኸውም መቀርቀሪያ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ ጥርስ ያለው መቀርቀሪያ ይይዘዋል፤ ለመክፈት በጣት መግፋት ያስፈልጋል። በዚህ አኳኋን ሥራው ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ክዳኑን ዘግቶ የሚይዘው መቀርቀሪያው፣ ክፍት አድርጎ የሚያቆመው ማጠፊያው ነው። መሣሪያው በቦርሳ ውስጥ ሲንገላታ ጫናውን ከኋላ ማጠፊያው፣ ከፊት መቀርቀሪያው ይካፈሉት ነበር።

በ1999 አፕል ያወጣው አይቡክ ግን መቀርቀሪያ አልነበረውም። ክዳኑ ተዘግቶ የሚቆየው በማጠፊያው ኀይል ነበር። ይህ ለተጠቃሚው ምቾት ነው፤ የሚሰበር ጥርስ የለም፣ በአንድ እጅም ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ማግኔት የመቀርቀሪያን ቦታ እየወሰደ መጣ፤ በ2006 የወጣው ማክቡክ ለዚህ ምሳሌ ነው። አንዳንድ የቲንክፓድ ዐይነቶች መቀርቀሪያቸውን እስከ 2010ዎቹ መጀመሪያ ጠብቀው ቢቆዩም በመጨረሻ እነርሱም ተዉት።

በበኩላችን ይህን ለውጥ ከታሪኩ አንዱ መጠምዘዣ አድርገን እናየዋለን። መቀርቀሪያው ሲቀር ተግባሩ አብሮ አልቀረም፤ በከፊል ወደ ማጠፊያው ተዛወረ። ማጠፊያው አሁን ክፍት አድርጎ ማቆም ብቻ ሳይሆን ዘግቶ መያዝም ግዴታው ሆነ። ዘግቶ ለመያዝ ደግሞ ጠበቅ ማለት አለበት።

አካሉ ብረት መሆኑ ብቻውን መድኀኒት እንዳልሆነ የሚያሳይ ምሳሌም በዚሁ ዘመን ይገኛል። በ2001 የወጣው የታይታኒየም ፓወርቡክ ጂ4 ውፍረቱ 1 ኢንች ብቻ ነበር፤ በዘመኑም በስስነቱ እጅግ ተደንቋል። ይሁን እንጂ ማጠፊያዎቹ በመሰበራቸው የታወቀ ሆነ። እዚህ ላይ የተሰበረው ብረቱ ራሱ መሆኑን አንክድም፤ ስለዚህ መቀመጫው ብቻ ነው የሚሰበረው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ምክንያቱ ያው አንድ ነው፤ ውፍረቱ ሲቀነስ ለማጠፊያው የተተወለት ሥፍራ ጠበበ።

5. የመቅጠን ዘመን

በ2008 አፕል ማክቡክ ኤርን ከፖስታ ውስጥ አውጥቶ ለሕዝብ አሳየ። በወፍራሙ ጠርዙ 1.94 ሳንቲ ሜትር፣ በቀጭኑ 0.4 ሳንቲ ሜትር ነበር። በ2011 ደግሞ ኢንቴል ኩባንያ አልትራቡክ ለሚባሉት ላፕቶፖች የውፍረት ወሰን ደነገገ፤ ለትንንሾቹ 18 ሚሊ ሜትር፣ ለትልልቆቹ 21 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከዚያ ወዲህ አምራቾች ሁሉ በሚሊ ሜትር መወዳደር ጀመሩ።

ውድድሩ በውድ ዋጋ ዕቃ ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ጉዳቱ አነስተኛ በሆነ ነበር፤ ምክንያቱም ውዱ ላፕቶፕ አካሉ ከአሉሚኒየም የተፈለፈለ ስለሆነ ብሎኑ በብረት ውስጥ ይገባል። ነገር ግን ያው ስስ መልክ ወደ ርካሹ ዕቃ ወረደ፤ ርካሹ ደግሞ አካሉ ፕላስቲክ ነው። በፕላስቲክ አካል ላይ ብሎን የሚታሰረው እንዲህ ነው፤ ፕላስቲኩ ሲቀረጽ አጫጭር ምሰሶዎች ይወጡለታል፤ በምሰሶዎቹ ውስጥ ጥርስ ያላቸው ትንንሽ የነሐስ ቀለበቶች በሙቀት ይተከላሉ፤ ብሎኑ በቀለበቶቹ ውስጥ ይጠብቃል። አካሉ ወፍራም ሲሆን ምሰሶው ረዥም፣ ግድግዳውም ወፈር ያለ ይሆናል። አካሉ ሲሳሳ ምሰሶው ያጥራል፤ ቀለበቱን ይዞ የሚያቆየውም ፕላስቲክ ያንሳል። ማጠፊያው በተንቀሳቀሰ ቍጥር ምሰሶው በጥቂቱ ይጐብጣል፤ ይህ በሺህ ጊዜ ሲደጋገም በዐይን የማይታይ ስንጥቅ ይጀምራል። ብዙ ጊዜም የሞቀው አየር የሚወጣው በማጠፊያው አጠገብ ስለሆነ ፕላስቲኩ መሞቅና መብረድ ይፈራረቅበታል። በመጨረሻ ቀለበቱ ከነብሎኑ ይነቀላል።

ይህ ስብራት ሲመጣ ምልክት አለው። ስክሪኑ ሲከፈት በማጠፊያው አጠገብ ያለው የታችኛው አካል መጋጠሚያ ፈንጠር ይላል፤ ወይም ሲዘጋ የክዳኑ ጀርባ ከስክሪኑ ክፈፍ ይለያል። አንደኛው መቀመጫ ከተነቀለ በኋላ ጭነቱ በቀሩት ላይ ስለሚወድቅ እነርሱም ብዙ አይቆዩም። ሰዎች ክዳኑን በአንድ ማዕዘን ይዘው የሚከፍቱ ከሆነ ደግሞ አብዛኛው ጫና በዚያው ወገን ባለው ማጠፊያ ላይ ያርፋል፤ ስብራቱም ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን የሚጀምረው ከዚህ የተነሣ ይመስለናል።

በዚሁ ዘመን በማጠፊያው ላይ ሌላ ተግባር ተጨመረ። በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲወጣ በጣት የሚነካ ስክሪን በላፕቶፕ ላይ ተስፋፋ። በጣት የሚነካ ስክሪን በተነካ ቍጥር ወደ ኋላ ይገፋል፤ እንዳይወዛወዝ ከተፈለገ ማጠፊያው ይበልጥ መጥበቅ አለበት። በዚያው ዓመት ሌኖቮ ዮጋ የተባለውን ላፕቶፕ አወጣ፤ ስክሪኑ 360 ዲግሪ ዞሮ በጀርባው ይታጠፋል። በ2014 የወጣው ዮጋ 3 ፕሮ ማጠፊያው እንደ ሰዓት ማሰሪያ የተሠራ ሲሆን 813 ክፍሎች ነበሩት። ማጠፊያን ከምንም ሳይቈጥሩ በኋለኛው ጠርዝ መደበቅ አስቸጋሪ መሆኑን ራሳቸው አምራቾች እንደ ተረዱት ይህ ቍጥር ይመሰክራል።

በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው ገመድም ሊረሳ አይገባም። በ2016 በወጣው የአፕል ማክቡክ ፕሮ ላይ ለስክሪኑ ብርሃን የሚሰጠው ስስ ገመድ ክዳኑ በተከፈተ ቍጥር ተወጥሮ ይታሽ ስለ ነበረ በጊዜ ብዛት ይበጠስ ጀመር። ማጠፊያው ደኅና ነው፤ ብርሃኑ ግን ይጠፋል። ገመዱ ከስክሪኑ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ በመሆኑ ጥገናው ስክሪኑን በሙሉ መለወጥ ሆነ። በኋላ በ2018 የወጣው ገመዱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ረዝሞ ተገኘ፤ ኩባንያውም በግንቦት 2019 ለ2016 ባለ 13 ኢንች መሣሪያዎች የነጻ ጥገና አገልግሎት ከፈተ። በ2 ሚሊ ሜትር ገመድ ምክንያት የአንድ ስክሪን ዋጋ መውጣቱን አንባቢ ልብ እንዲለው እንፈልጋለን።

6. በተቃራኒው የታሰበ መሣሪያ

ሁሉም ንድፍ ወደ መሳሳት አልሄደም። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ በሚል ዓላማ ተሠርቶ በ2007 መመረት የጀመረው ኤክስኦ የተባለው ትንሽ ላፕቶፕ ወደ አገራችንም መጥቷል፤ በ2008 ወደ 5,000 የሚሆኑት በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ታድለዋል። ፕሮግራሙ በትምህርት ረገድ ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ ያ ክርክር ግን ከዚህ ጽሑፍ ወሰን ውጭ ነው። እዚህ የምንመለከተው አካሉን ብቻ ነው።

በዚያን ጊዜ የተለመደው የላፕቶፕ ፕላስቲክ ግድግዳ ውፍረቱ 1.3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የኤክስኦ ግን 2 ሚሊ ሜትር ነበር። ስክሪኑ በመካከል ባለ አንድ ሰፊ ማጠፊያ ላይ ይታጠፋል፣ ይዞራልም። ማዘርቦርዱ የተቀመጠው እንደ ሌሎቹ ከኪቦርዱ ሥር ሳይሆን ከስክሪኑ ጀርባ ስለ ነበረ ለስክሪኑ የሚሄደው ገመድ በማጠፊያው በኩል ማለፍ አላስፈለገውም። ሁለቱ ጆሮ መሰል አንቴናዎችም ሲታጠፉ የገመድ መሰኪያ ቀዳዳዎችን ይከድናሉ፤ ክዳኑንም እንደ መቀርቀሪያ ይይዛሉ። እንግዲህ ሌሎች አምራቾች መቀርቀሪያውን በሚያስወግዱበት ዘመን፣ ለሕፃናትና ለአቧራ የታሰበው ይህ መሣሪያ ወፍራም ግድግዳና መቀርቀሪያ ያለው ሆኖ ተሠራ። የሚሰበረው ነገር የት እንደሆነ የንድፍ ባለሙያዎች ያውቁት እንደ ነበር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

7. የፈተና ቍጥርና የኑሮ ቍጥር

አምራቾች ማጠፊያቸው በመኪና እየተከፈተና እየተዘጋ መፈተኑን ይናገራሉ፤ 20,000 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የሚል ቍጥር በመግለጫቸው የተለመደ ነው። ይህን ቍጥር በኑሮ ብንመነዝረው እንዲህ ይሆናል። በቢሮ ውስጥ በቀን 10 ጊዜ የሚከፍት ሰው 20,000 የሚሞላው በ2,000 ቀን፣ ማለትም በአምስት ዓመት ተኩል ነው። ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ንባብ ቤት የሚዘዋወር ተማሪ ግን በቀን 20 ጊዜ ቢከፍት በ1,000 ቀን፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ይጨርሰዋል፤ ይህም ከአንድ የዲግሪ ትምህርት ጊዜ ያነሰ ነው።

ከዚህም በላይ የፈተናው መኪና ሁልጊዜ በአንድ መንገድና በእኩል ኀይል ይከፍታል። ሰው ግን በአንድ ማዕዘን ይዞ ይስባል፣ ክዳኑን ይዞ መሣሪያውን ያነሣል፣ በአቧራ ላይ ያስቀምጣል። ግራሶ የሚደርቀውም በመከፈት ብዛት ብቻ ሳይሆን በዓመታት ማለፍ ጭምር ነው። በአገራችን ብዙ ተማሪ የሚይዘው ላፕቶፕ በሌላ ሰው እጅ ጥቂት ዓመታት ያገለገለ ነው። ስለዚህ ወደ እኛ ሲደርስ የማጠፊያው ዕድሜ በከፊል አልፏል፤ የሚሰበርበትም ጊዜ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ባለቤት እጅ ላይ ይወድቃል። የመጀመሪያው ባለቤት ስብራቱን ስለማያየው ለአምራቹ የሚያሰማው አቤቱታ የለም፤ ሁለተኛው ባለቤት ደግሞ ዋስትና ስለሌለው የሚሰማው የለም። መቀመጫው እስከ ዛሬ ለምን አልተሻሻለም ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ ይህ ይመስለናል።

መደምደሚያ

ባጭሩ ለመናገር፣ ማጠፊያው በ1982 ሲጀምር ቀላል ተግባርና ጽኑ መቀመጫ ነበረው። ከዚያ የመቀርቀሪያው ሥራ ተጨመረበት፤ ቀጥሎም የጣት ግፊት ተጨመረበት፤ በዚሁ ጊዜ ሥሩ ያለው አካል ከብረት ወደ ፕላስቲክ፣ ከወፍራም ወደ ስስ ሄደ። ብረቱ የተጣለበትን አደራ በአብዛኛው ተሸክሟል፤ ያልቻለው መቀመጫው ነው።

በቅርብ ዓመታት አንዳንድ የተስፋ ምልክት ይታያል። በፈረንሳይ አገር ከ2021 ጀምሮ ላፕቶፕ ለጥገና ምን ያህል እንደሚመች የሚገልጽ ነጥብ በመሸጫው ላይ እንዲለጠፍ በሕግ ተደንግጓል። በዚያው ዓመት ላፕቶፑን ማቅረብ የጀመረው ፍሬምወርክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ደግሞ ማጠፊያውን ለብቻው እንደ መለዋወጫ ይሸጣል፤ ባለቤቱም በራሱ እጅ ሊለውጠው ይችላል። ይህ አስቀድመን ያነሣነው የደጓሹ ጥበብ ነው፤ የሚደክመው ቦታ አስቀድሞ ታውቆ ሌላውን ሳይነኩ እርሱን ብቻ ማደስ።

እኛ ግን እስከዚያው በእጃችን ያለውን መጠበቅ ይኖርብናል። ከጥናታችን የሚወጣው ምክር ሦስት ነው። አንደኛ፣ ክዳኑን ከመካከሉ መክፈት። ሁለተኛ፣ ማጠፊያው እየጠበቀ ሲሄድ እንደ ጥንካሬ ሳይሆን እንደ ሕመም ቈጥሮ ወደ ጠጋኝ መውሰድ፤ ያን ጊዜ ዳዶውን በጥቂቱ ማላላትና ግራሶ መቀባት ይበቃ ይሆናል። ሦስተኛ፣ መቀመጫው ከተሰበረ በኋላ በማጣበቂያ ከመጠገኑ በፊት ማጠፊያው እንዲላላ መጠየቅ፤ የደረቀውን ማጠፊያ እንደ ደረቀ ትቶ መቀመጫውን ብቻ የለጠፈ ሰው ስብራቱን ቀጠረው እንጂ አልጠገነውም። ላፕቶፕ በብዛት ለሚገዙ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ደግሞ የምናሳስበው፣ ስለ ፍጥነቱና ስለ ማኅደሩ ስፋት እንደሚጠይቁ ሁሉ ማጠፊያው የታሰረው በብረት ላይ ይሁን በፕላስቲክ ላይ እንዲጠይቁ ነው።

የጓደኛችን ላፕቶፕ ጥገና በዚሁ ሥርዐት ተፈጽሟል። ጠጋኙ አስቀድሞ ሁለቱን ዳዶዎች አላላ፤ ቀጥሎ መቀመጫውን ሠራ፤ በመጨረሻ ገመዱን ለወጠ። የመመረቂያ ጽሑፉም በሌላ ዕቃ ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል። ስክሪኑ አሁን ሲነካ ጥቂት ይወዛወዛል፤ እኛም ይህን እንደ ጕድለት መቍጠሩን ትተናል። ሁለቱ ወፍራም መጻሕፍት ወደ መደርደሪያቸው ተመልሰዋል።